መስከረም በጠባ ቁጥር የሚያስነጥሰን አደይ አበባው ነው ወይ?

ቀሃ_ዳር | መስከረም 17

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የልጄን ነገር ላማክራችሁ ነው። ክረምቱን ደህና ትከርምና መስከረም ሲጋመስ ትጀምራለች። ጧት ከእንቅልፏ ስትነሳ ማስነጠስ ነው፣ ዓይኗን ማሸት ነው፣ አፍንጫዋ ቀጭን ንፍጥ ያወርዳል። ትኩሳት የላትም፣ ምግብም አልቀነሰችም። ጥቅምት አልፎ ሣሩ ሲደርቅ በራሱ ጊዜ ይተዋታል።

የሰፈሩ ሰው በሙሉ "የአደይ አበባው ዱቄት ነው" ይለኛል። እውነትም አጥራችን ሥር አደዩ ጢም ብሎ ነው ያለው። አከራያችን "ልጅቱን ካስቸገራትማ አሳጭደዋለሁ" ብለዋል። ልጅቱ ደግሞ አደዩን እንዳትነኩብኝ ብላ እያለቀሰች ነው። ከመታጨዱ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ።

መምህር_አዘዞ | መስከረም 17

እህቴ፣ አደዩን ተዉት። ጥፋተኛው ሌላ ነው።

ዕፅዋት የአበባ ዱቄታቸውን በዋናነት በሁለት መንገድ ይልካሉ። አንዱ በንብ፣ በዝንብና በቢራቢሮ ገላ ላይ ነው። ሌላው በነፋስ ነው። አደይ አበባ የመጀመሪያው ወገን ነው። ያ ቢጫ ቀለሙ ነፍሳትን ለመሳብ ነው። ዱቄቱ ከባድ ነው፣ ይጣበቃል፣ እያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያዋን እሾህ አላት። ንብ ጸጉር ላይ እንድትሰካ ነው የተሠራችው። ልጅሽ አፍንጫዋን አበባው ውስጥ ካልነከረች በቀር መኝታ ቤት ድረስ ተንሳፍፎ የሚመጣ ነገር አይደለም።

አሁን ከአደዩ ሥር ያለውን ሣር ተመልከቺ። እሱም በዚሁ በመስከረም ያብባል፣ ግን ማንም አበባ ብሎ አያየውም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከዛላው ላይ ቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥለው ታያለሽ። ጧት ፀሐይ ሲነካቸው በጣትሽ መታ ብታደርጊያቸው ደቃቅ ጢስ የመሰለ ነገር ቡን ይላል። የሣር ዱቄት ይህ ነው። አንዷ ቅንጣት ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ብትሆን ነው፤ ከሰው ጸጉር ውፍረት ታንሳለች። ለስላሳና ቀላል ስለሆነች ነፋስ እንዳሻው ይወስዳታል። በነፋስ የሚልክ ተክል ደግሞ የት እንደሚደርስለት ስለማያውቅ የሚረጨው ብዙ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቻርልስ ብላክሊ የሚባል የማንቸስተር ሐኪም እሱ ራሱ በየዓመቱ በዚህ ሕመም ይሠቃይ ነበር። የሣር ዱቄት ሰብስቦ በገዛ አፍንጫውና ቆዳው ላይ ሞከረው። በሰማይ ላይ ምን ያህል እንዳለ ለማወቅም የሚያጣብቅ መስታወት ካይት ላይ አስሮ ወደ ላይ ሰደደ። ውጤቱን በ1873 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያኔም የተያዘው ሣሩ ነው።

አደዩ የሚታማው ከሣሩ እኩል ስለሚያብብና ስለሚታይ ብቻ ነው። አከራይሽ ማጨድ ከፈለጉ ሣሩን ይጨዱት፤ ያውም ዛላ ሳያወጣ።

ሲስተር_ማራኪ | መስከረም 17

መምህር ባሉት ላይ የጤናውን ልጨምር።

ቀሃ ዳር፣ የነገርሽን ምልክት የአበባ ብናኝ አለርጂ ይመስላል። ግን ሳይመረመር እርግጠኛ መሆን አይቻልምና አንድ ጊዜ ለሐኪም አሳያት። እስከዚያ ጧትና ረፋዱ ላይ የሣሩን ወገን መስኮት ዝጊ። ከውጭ ስትመጣ ፊቷንና እጇን ትታጠብ፤ ማታ ከመተኛቷ በፊት ጸጉሯንም ብታለቀልቂያት ጥሩ ነው፣ ትራስ ላይ ይዛው እንዳትወጣ። አንሶላና ፒጃማዋን ሣር አጠገብ አታስጪ። ቤት ውስጥ የከሰል ጭስና ዕጣን በዚህ ወር ቀነስ አድርጊ፤ ጭስ ራሱ አለርጂ ባይሆንም የተቆጣን አፍንጫ ይብስበታል። እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉ መድኃኒቶች ይረዳሉ፣ የልጅ መጠኑን ግን ባለሙያ ይንገርሽ። ከጎረቤት ተበድረሽ አትስጫት።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ፣ ሌሊት ሳል ካስነሳት፣ ደረቴን ጨመቀኝ ካለች አትቆዪ። ያ ወደ አስም መሄዱ ሊሆን ይችላል። ሰው "ማስነጠስ ብቻ ነው" እያለ ስለሚያቃልለው ነው ይህን የምለው። በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ከተማ ላይ በሣር ማበቢያ ወቅት ነጎድጓዳማ ዝናብ መጣ። እርጥበቱ የሣሩን ዱቄት ፈነካክቶ ሳንባ ድረስ ወደሚዘልቅ ብናኝ ለወጠው። በአንድ ምሽት ሺዎች መተንፈስ አቅቷቸው ሆስፒታል ተጥለቀለቀ፣ 10 ሰዎችም ሞቱ። አስም ያለበት ሰው ዝናብ ሲያጉረመርም ውጭ ባይቆም ይሻላል።

የደምቢያ_አናቢ | መስከረም 18

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። የአደይ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ደምቢያ ንብ አናቢ ነኝ። ሰው የንብን ነገር ሲያነሳ ማር ማር ይላል። እኔ ቀፎ ስጎበኝ መጀመሪያ የማየው የንቧን እግር ነው። በር ላይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከመስክ የምትመለሰዋ ንብ በኋላ እግሮቿ ግራና ቀኝ ድቡልቡል ነገር ታቅፋ ትገባለች። ያ የአበባ ዱቄት ነው። በራሷ ጸጉር ሰብስባ፣ ከአፏ ትንሽ ማር አርሳ፣ ጠፍጥፋ እግሯ ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ትጭነዋለች። ቀለሙን አይቼ የት እንደዋለች አውቃለሁ። አሁን ብርቱካንማ ቢጫ ከሆነ አደይና መች የሚባለው አረም ነው፤ ጥቅምት ላይ ኑጉ ይጨመራል። ባቄላ ማሳ የዋለችው ግራጫ ይዛ ትመጣለች። ባሕር ዛፍ ገርጣ ያለ ነው።

ለንብ ማሩ እንጀራዋ ከሆነ ዱቄቱ ወጧ ነው። ማር ጉልበት ይሰጣል እንጂ ገላ አይሠራም። ወጣቶቹ ንቦች ዱቄቱን በልተው ነው ለእጩና ለንግሥቲቱ የሚሆነውን ወተት የሚያመነጩት። ዱቄት ሲጠፋ ንግሥቲቱ እንቁላል ትቀንሳለች፤ ቀፎው ማር ሞልቶት እንኳ መንጋው ይመነምናል። ስለዚህ አንድ አጥር አደይ ስትነቅሉ ልብ በሉ።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። ንብ በአንድ ጉዞ ከአበባ አበባ አታማርጥም። ኑግ ላይ ከጀመረች ኑግ ላይ ትጨርሳለች። የኑግ ዱቄት ለኑግ የሚደርሰው በዚህ ነው። ኑግ ደግሞ በገዛ ዱቄቱ እንብዛም ፍሬ አይዝም፤ ከሌላው ኑግ መምጣት አለበት። ዘይቱን የምንበላው በንብ እግር ነው።

እኛ ጎንደሬዎች የንብ ውለታ አለብን። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነው ከግቢው የወጣ የንብ መንጋ ነው ብለው አባቶች ይነግሩናል። ዛሬ ያችው ንብ በሚረጭ መድኃኒት ታልቃለች። ባለፈው ዓመት አጠገቤ ያለ ማሳ በጠራራ ፀሐይ ተረጭቶ ቀፎዬ በር ላይ ንቡ ምንጣፍ ሆኖ አገኘሁት። ሕፃናቱ እንኳ አለቀሱ።

ማክሰኝት_ገበሬ | መስከረም 18

አያ አናቢ፣ ለንቡ አዝናለሁ፣ ከልቤ። ግን የኛንም ወገን ስሙ።

መች ለእርስዎ ንብ ምግቧ ነው። ለኔ ስንዴዬን አንቆ የሚይዝ አረም ነው። በእጅ ላርም ብል የቀን ሠራተኛ ዋጋ አይቀመስም። የአረም መድኃኒቱን ቱ ፎር ዲ ካልረጨሁ ልጆቼን በምን ላስተምር? ሽምብራውም ላይ ትሉ ከገባ ዝም ብለህ እይ ማለት ሽምብራውን መርቆ መስጠት ነው። ደግሞስ ጤፍና ስንዴ ንብ አይፈልጉም። እርስዎ የሚሉት ለኑግና ለባቄላ እንጂ ለሁሉም አይደለም።

መምህር_አዘዞ | መስከረም 18

ማክሰኝት፣ ስለ ጤፍና ስንዴ ያልከው ልክ ነው። ሁለቱም በራሳቸው ዱቄት ነው ፍሬ የሚይዙት። እንዲያውም የጤፍ ነገር የሚደንቅ ነው። አበባዋ በዓይን አትታይም፤ የምትከፈተውም ጧት ከ12:45 እስከ 1:30 ገደማ ብቻ ነው። ያኔም ብዙውን ጊዜ ራሷን በራሷ ጨርሳለች። በዚህ የተነሳ ለረጅም ጊዜ ሁለት የጤፍ ዓይነት ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ነበር። አርቢዎች የሚችሉት ከገበሬው ማሳ የተሻለውን መምረጥ ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ዶክተር ታረቀ በርሄ ያችን የማለዳ ሰዓት አገኙ። አበባዋን አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ሥር ከፍቶ፣ የራሷን የዱቄት ከረጢቶች ነቅሎ፣ የሌላዋን ዱቄት ማድረስ ተቻለ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣችው ቁንጮ የምትባለው የጤፍ ዝርያ የዚያ ልጅ ናት። አንተም ዘርተሃት ሊሆን ይችላል።

በቆሎን ደግሞ ነፋስ ነው የሚያደርስለት። እሸት ስትልጥ ያን ጸጉር አስተውለህ ታውቃለህ? እያንዳንዱ ክር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ክሩ ጫፍ ላይ ዱቄት ካረፈ ያ ፍሬ ይሞላል፤ ካላረፈ ቦታው ባዶ ይቀራል። ጥርሱ የወለቀ እሸት የምታየው በዚህ ምክንያት ነው። ብቻዋን ጓሮ የቆመች በቆሎ ላይ ይበዛል፤ ሰብሰብ ብሎ የተዘራ ላይ ያንሳል።

ስለ መርጨቱ ሁለቱን ነገር ለይተን እንያቸው። ቱ ፎር ዲ የሚረጨው ሰብሉ ገና ለጋ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ መቹ አላበበም፣ ንብም አትመጣበትም። ጉዳቱ በኋላ የምትበላውን ማሳጣቱ ነው። ማሳውን አርመህ ድንበሩንና የቦዩን ዳር ብትተወው ለንብ ብዙ ነው። የትል መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። ማላታይንና መሰሎቹ ንቧን በቀጥታ ይገድላሉ። አበባ ላይ በቀን መርጨት አይገባም። ሽምብራ ራሱ ንብ ባይፈልግም በመካከሉ ያበበ አረም ካለ ንቧ እዚያው ናት።

የደምቢያ_አናቢ | መስከረም 18

ማክሰኝት ልጄ፣ እኔ አትርጭ አላልኩም። ከ11 ሰዓት በኋላ እርጭ፣ ንቡ ቤቱ ሲገባ። ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ንገረኝ። በነጋታው ረፋዱ ድረስ በሩን በርጥብ ጨርቅ አድርጌ አቆያለሁ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ማክሰኝት_ገበሬ | መስከረም 18

መንገር አይከብደኝም። የማታው ነገር ነው የሚከብደው። መርጫው የጋራ ነው፣ ተራ ሲደርሰኝ እኩለ ቀን ይሆናል። ባለተራው ደግሞ አይጠብቀኝም። ይህን ቀበሌው ላይ ተነጋግረን ተራውን በማታ ካላደረግነው አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አናግረዋለሁ።

ደለል_አንባቢ | መስከረም 19

ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። እኔ የማጠናው የሞተውን የአበባ ብናኝ ነው፤ ሐይቅና ረግረግ ሥር የተቀበረውን።

የቅንጣቷ ውስጠኛ ክፍል ቶሎ ይሞታል። የበቆሎ ዱቄት በፀሐይ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ነው። የውጭ ቅርፊቷ ግን ስፖሮፖለኒን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ሕይወት ካለው ነገር ከሚገኙት ሁሉ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ደለሉን መስታወት በሚበላ አሲድ እናሟሟዋለን። አሸዋው ይጠፋል። ቅርፊቷ ምንም ሳትሆን ትቀራለች። አየር በማያገኝ ጭቃ ውስጥ ከሆነች ሚሊዮን ዓመት ትቆያለች።

ደግሞ እያንዳንዱ ተክል መልኩ የራሱ ነው። የዝግባን ብናኝ አንድ ጊዜ ያየ አይረሳውም፤ ግራና ቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት አላት፣ በነፋስ እንድትንሳፈፍ። የሐበሻ ጥድ ክብ ናት፣ ከረጢት የላትም። ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት በ1916 እ.ኤ.አ. ከረግረግ ደለል በየንብርብሩ ብናኙን ቆጥሮ የአንድን አገር ደን ታሪክ በሥዕል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ መቆፈር ታሪክ ማንበብ ሆነ።

ለጎንደር ሰው ቅርብ የሆነውን ልንገራችሁ። ወደ መተማ ስትሄዱ ጭልጋ አለ፣ የአይከል አካባቢ። እዚያ ካለው የከሰል ደለል ተመራማሪዎች የአበባ ብናኝ አውጥተው በ1985 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ከመካከላቸው ሬይሞንድ ቦንፊ አንዷ ነበሩ። ብናኙ እርጥብና ሞቃት የቆላ ደን ነው የመሰከረው። በኋላ በተደረገው የዕድሜ ልኬት የጭልጋ ቅሪቶች ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆናቸው ታወቀ። የጥንት ዝሆኖች ዘመዶች አጥንትም ከዚያው ወጥቷል። ያ አሁን ጤፍ የሚታረስበት መሬት ያኔ ዘንባባ የሞላበት ጫካ ነበር።

ጣናም ቢሆን ሁልጊዜ ጣና አልነበረም። ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለልና በውስጡ የቀሩት ደቃቅ ቅሪቶች እንደሚያሳዩት ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ውኃው ደርቆ ረግረግ ሆኖ ነበር። አያ አናቢ፣ የእርስዎ ደምቢያ ዳርቻው ነው።

ቀሃ_ዳር | መስከረም 19

ይሄን ሁሉ ዕውቀት ያገኘሁት በአንድ ጥያቄ ነው፣ ተባረኩ። አከራዬ ሣሩን ሊያሳጭዱ ተስማሙ። ደለል አንባቢ፣ አንድ ልጠይቅ። አያቴ "ይህ አገር ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር፣ በኛ ዕድሜ ነው የተራቆተው" ትል ነበር። ብናኙ ይህን ያረጋግጣል?

ደለል_አንባቢ | መስከረም 19

በከፊል። ወሎ ካሉት ከሐይቅና ከሐርዲቦ ሐይቆች የወጣው ብናኝ ነገሩን ከዚህ ይበልጥ ውስብስብ ያደርገዋል። እዚያ የዝግባና የጥድ ደኑ የተመነጠረው ከ2,500 ዓመት በፊት ገደማ ነው። በቦታው ክትክታና ሣር ገባ። ለብዙ መቶ ዓመታት እንደዚያ ኖረ። ከዚያ ግን ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥዱና ወይራው እንደገና ተስፋፋ! በኋላ ደግሞ ተመልሶ ቀነሰ። እኔን የሚያስደስተኝ ያ መሃል ላይ ያለው ነው። መሬቱ ደን መልሶ ማብቀል ይችላል፣ አንድ ጊዜ አድርጎታልና። ወሎ የሆነው ሁሉ ጎንደር ሆኗል ማለት ግን አይደለም፤ በየቦታው መቆፈር አለበት። እስከዚያ ድረስ የአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ ጥድና ወይራ ምን ዓይነት ዛፍ ይበቅል እንደነበር በሕይወት ያሉ ምስክሮች ናቸው።

ብናኝ የማይነግረንም አለ። የሣር ዘር በሙሉ ብናኙ ይመሳሰላል፤ አንድ ቀዳዳ ያላት ለስላሳ ድቡልቡል። ስንዴና ገብስ በትልቅነታቸው ይለያሉ። ጤፍ ግን ከዱር ሣር ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች። ጤፍ መቼ መታረስ እንደጀመረች ሐይቅ ቆፍሮ በዚህ መንገድ ማወቅ ያስቸግራል።

አራዳ_ማር_ቤት | መስከረም 20

እኔ ማር ሻጭ ነኝ። ደንበኛ ሁሉ ስኳር ያለበት ነው እያለ ይጠረጥረኛል። ክብሪት ነክረው ይለኩሳሉ፣ ወረቀት ላይ ያንጠባጥባሉ። ብናኙ ይህን አይፈታም?

ደለል_አንባቢ | መስከረም 20

ክብሪቱም ወረቀቱም አያስተማምኑም፤ የሚለኩት በአብዛኛው እርጥበቱን ነው። ማሩን በውኃ አቅጥኖ፣ በማሽን አሽከርክሮ፣ የዘቀጠውን በማይክሮስኮፕ ማየት ግን ብዙ ይናገራል። ኑግ ነው፣ ግራዋ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው፣ ይለያል። የደምቢያ ነው የተባለ ማር ውስጥ እዚያ የማይበቅል ተክል ብናኝ ቢገኝ ሻጩ ይጠየቃል። ብናኝ ከናካቴው ከሌለው ያጠራጥራል፤ ግን በጣም በደቃቁ የተጣራ ማርም ብናኙን ስለሚያጣ በዚያ ብቻ አይፈረድም። ስለዚህ አጥብቀህ አታጣራው። በተራ ማጥለያ ሰሙን ብቻ አውጣ።

ቀሃ_ዳር | መስከረም 21

የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር፣ እንዳትሰለቹኝ። ጓሮ ዱባ ተክያለሁ። ያብባል፣ ያብባልና ይረግፋል። ፍሬ እምቢ አለኝ።

የደምቢያ_አናቢ | መስከረም 21

ልጄ፣ ዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ የሚያወጣው በአብዛኛው ወንዱን ነው፤ እሱ ይረግፋል፣ አትደንግጪ። ሴቷን ከሥሯ ታውቂያታለሽ፣ ትንሽዬ ዱባ ይዛ ነው የምታብበው። እሷም ፍሬዋን ይዛ ቢጫ ሆና ከወደቀች ዱቄት አልደረሳትም ማለት ነው፤ ሰፈራችሁ ንብ አንሷል።

በእጅሽ ማድረስ ትችያለሽ። የዱባ ዱቄት ትልቅ ነው፣ ጣት ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ጧት 1 ሰዓት ገደማ የተከፈተ ወንድ አበባ ቅጠፊ። ቅጠሉን ገፈሽ መሃሉን ብቻ አስቀሪ። የተከፈተችውን ሴት መሃሏን በእሱ ቀስ አድርገሽ አሽላት፣ ዙሪያውን። አንዱ ወንድ ለሁለት ለሦስት ይበቃል። ከ4 ሰዓት በፊት ጨርሺ፤ ፀሐይ ሲበረታ አበባዋ ትዘጋለች። ልጅቱ ታድርገው፣ የዱባ ዱቄት በነፋስ አይሄድምና አፍንጫዋን አይነካትም።